በቅናሽ ያገኛችሁትን አርፒጂ ለጓደኛ እንዴት ትጠቁማላችሁ፦ ተገዝቶ ፎልደር ውስጥ እንዳይቀር

ሰሞኑን አብራን የምትጫወት አንድ ጓደኛችን ስክሪኗን ሼር አድርጋ በቅናሽ የሰበሰበቻቸውን የአርፒጂ ፒዲኤፎች አሳየችን፣ አርፒጂ ማለት አንድ ሰው ታሪኩን እየመራ ሌሎቹ ገጸ ባህሪ ሆነው በዳይስ የሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ፎልደሩ ውስጥ ከ200 በላይ ፋይል አለ። ስንቱን ተጫወትሽው ስንላት ትንሽ አሰበችና ሁለቱን አለች። በጣም ነው የከበደኝ፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ሊንክ የላክንላት እኛው ነን፣ "70 በመቶ ቅናሽ፣ እንዳያመልጥሽ" እያልን፣ እሷም እኛን አምና ትገዛለች፣ ብሩ ደሞ ዱባይ ሌሊት ሺፍት ሰርታ የምታገኘው ነው። ከዛን ቀን በኋላ ጨዋታ የምጠቁምበትን መንገድ ቀየርኩ። አሁን የምጠቁመው በጣም ትንሽ ነው ግን የጠቆምኩት ይከፈታል፣ ይነበባል፣ ቅዳሜ ላይ ዳይስ ይወረወርበታል። እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ።

የኛ ግሩፕ ምን እንደሚመስል ካወቃችሁ ነገሩ ይገባችኋል። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች አዲስ አበባ ናቸው፣ እሷ ዱባይ ናት። ቅዳሜ እኔ ጋ ረፋድ 5 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፣ አሜሪካ ሰዓት ሲቀየር ደሞ በአንድ ሰዓት ይንሸራተትብናል። እንግሊዝኛ መጽሐፍ እያነበብን በአማርኛ ነው የምንጫወተው። ብዙዎቻችሁም እንደዚ እንደምትጫወቱ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ሰውየውን፣ ከዛ ሊንኩን

ቅናሽ ስታዩ እጃችሁ ሼር ላይ ከመሄዱ በፊት ይሄ ለማን ነው በሉ። "ለሁላችሁም" ተብሎ የተላከ ሊንክ ለማንም አይደለም፣ ሁሉም ሌላው ያየዋል ብሎ ያልፈዋል። አንድ ሰው አስቡ፣ በስም። ከዛ ስለሱ ሶስት ነገር ካላወቃችሁ ጠይቁት፦ ጨዋታውን የሚመራው ማነው፣ ሲቀመጡ ስንት ሰዓት አላቸው፣ እጃቸው ላይ ምን አለ። የመጨረሻው በጣም የሚረሳ ነገር ነው። አዲስ አበባ ያሉት ልጆቻችን ያላቸው ስልክ፣ የሞባይል ዳታ እና የሉዶ ዳይስ ነው። ባለ 20 ጎኑን ዳይስ ከየት ያመጡታል? ስልክ ላይ የሚወረወር አለ፣ ይሰራልም፣ ግን ሰው ጠረጴዛ ከቦ ሲቀመጥ ዳይሱን በእጁ ሲያንከባልለው ያለው ደስታ ሌላ ነው። ስለዚ ለነሱ ስፈልግ መጀመሪያ የማየው ባለ 6 ጎን ዳይስ ብቻ የሚፈልጉትን ነው። ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ የሚባለው ጨዋታ እንደዛ ነው። ፌት የሚባለው ደሞ የራሱ ልዩ ዳይስ አለው ግን በተራ ዳይስ ይተካል፣ 1 እና 2 ሲቀነስ፣ 3 እና 4 ባዶ፣ 5 እና 6 ሲደመር ብላችሁ ታነቡታላችሁ፣ አራት ዳይስ ከሁለት ሉዶ ካርቶን ለቅማችሁ ጨረሳችሁ።

ዱባይ ያለችው ልጅ ችግሯ ዳይስ አይደለም፣ ጊዜ ነው። ሺፍቷ በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ ቅዳሜ ሁሌ አትገኝም። እሷ ስድስት ሰው የሚፈልግ ትልቅ ካምፔይን፣ ለወራት የሚቀጥል ረዥም ታሪክ፣ ምን ያደርግላታል? ለሷ የጠቆምኩላት አይረንስዎርን ነው፣ 2018 የወጣ፣ ለብቻ መጫወት የሚቻል፣ ከፈለገች ከአንድ ሰው ጋር ያለ ጌም ማስተር (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) የምትጫወተው፣ ከፈለገች ደሞ በተለመደው መንገድ። ዋናው መጽሐፍ ፒዲኤፉ በነፃ ነው። በቅናሽ ከገዛቻቸው ከ200 ፋይሎች ይልቅ ሌሊት ከስራ ስትመለስ ሻይዋን ይዛ የምትከፍተው እሱን ነው፣ የጉዞዋን ማስታወሻ በአማርኛ በደብተር ትጽፋለች፣ አንዳንዴ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች።

ያክስቴ ልጅ ደሞ 14 ዓመቱ ነው። ለሱ ስጠቁም መጀመሪያ ያናገርኩት እሱን ሳይሆን አክስቴን ነው፣ ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሆነ፣ ጭራቅ ምናምን ሲባል ሃይማኖትን የሚነካ ነገር እንደሌለው አስረድቻት፣ ከዛ ማውስሪተርን ሰጠሁት፣ ትንንሽ አይጦች ሆናችሁ ድመት የሚፈራበት ዓለም ውስጥ የምትጫወቱት። ፒዲኤፉን በነፃም ማውረድ ይቻላል። እናት ሳታውቅ ለልጅ ሊንክ አትላኩ፣ በዚ ሀሳቤን አልቀይርም።

ዲጂታል ሲባል ምኑን ነው የሚገዛው

ይሄ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኛም ሳናብራራ እንልካለን። ሶስት ዓይነት ነገር አለ በግምት። አንዱ ፒዲኤፍ ነው፣ ታወርዳለህ ያንተ ነው፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይነበባል። ድራይቭስሩአርፒጂ፣ ኢች ዶት አዮ፣ ባንድል ኦፍ ሆልዲንግ በሚባሉት ሳይቶች ላይ የሚሸጠው በብዛት ይሄ ነው። ሁለተኛው አካውንት ላይ የታሰረ ነው፣ ለምሳሌ ዲኤንዲ ቢዮንድ ላይ፣ የታወቀው አርፒጂ የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (ዲኤንዲ) ሳይት ነው፣ የተገዛ መጽሐፍ ፒዲኤፍ ሆኖ አይመጣልህም፣ እዛው ሳይቱና አፑ ላይ ነው የምታነበው። ሶስተኛው ለቨርቿል ጠረጴዛ፣ ማለትም ተራርቆ በኢንተርኔት ለሚጫወት ሰው ለተሰራ ሶፍትዌር የተዘጋጀ ነው፣ ሮል20 ላይ የገዛኸው በብዛት እዛው ሮል20 ላይ ይቀራል፣ የፋውንድሪ ሞጁል ፋውንድሪ ከሌለህ ምንም አያደርግልህም። ፋውንድሪ ራሱ አንዴ ተከፍሎበት የሚያበቃ ነው፣ መግዛት ያለበትም ጨዋታውን የሚያስተናግደው ሰው ብቻ ነው፣ ሌሎቹ በብራውዘር ይገባሉ። ይሄንን ካልነገራችሁት አራት ጓደኛማቾች አራት ጊዜ ሊከፍሉ ይችላሉ።

ስለዚ ስትጠቁሙ "ፒዲኤፍ ነው" ወይ "አካውንት ላይ ነው" የምትል አንድ ቃል መግባት አለባት። ፒዲኤፍ ከሆነ ደሞ መጠኑን እዩ፣ የሽያጩ ገጽ ላይ ስንት ሜጋባይት እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ተጽፎ አለ። አሜሪካ ቤቱ ዋይፋይ ላለው ሰው 200 ሜጋባይት ምንም አይደለም፣ አዲስ አበባ በፓኬጅ ለሚጠቀም ልጅ ግን የቀኑ ዳታ ነው፣ ወርዶም ስልኩ ላይ አንዱን ገጽ ለመክፈት ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ አያነበውም። አንዳንድ ጨዋታ ከዋናው ጋር ለህትመት የሚሆን ቀለል ያለ፣ ስዕል የሌለበት ፋይል አብሮ ይሰጣል፣ እሱ ካለ ንገሩት። ካራክተር ሺቱን (የገጸ ባህሪው መረጃ የሚጻፍበትን ወረቀት) ፎቶ ኮፒ ቤት ሊያሳትም ከሆነ ደሞ ብዙዎቹ የአሜሪካ ጨዋታዎች በሌተር ወረቀት ልክ ነው የተሰሩት፣ ኢትዮጵያ ያለው ኤ4 ነው፣ "ከገጹ ጋር አስተካክልልኝ" ካላለው ጠርዙ ይቆረጣል። የኛ ልጆች አንዴ አስር ሺት አሳትመው የታችኛው መስመር፣ የጤና ነጥብ የሚጻፍበት፣ ተቆርጦ ወጥቶ በእስክሪብቶ አስምረውበታል።

ባንድል ስታዩ ተረጋጉ

ባንድል ማለት ብዙ መጽሐፍ ባንድ ላይ በትንሽ ዋጋ ነው። ሀምብል ባንድል ላይ ደረጃ ደረጃ አለው፣ ትንሽ ከከፈልክ ትንሽ ይሰጥሃል፣ ከፍ ስታደርግ ይጨምራል፣ ከሚከፈለውም ለበጎ አድራጎት የሚሄድ አለ። ባንድል ኦፍ ሆልዲንግ 2013 ላይ ነው የጀመረው፣ የሚሸጠው በዋናነት የጠረጴዛ አርፒጂ ነው፣ ጀማሪ ስብስብ የሚሉት አለ፣ ከዛ ከተወሰነ ዋጋ በላይ ለሚከፍል ተጨማሪው ስብስብ ይከፈትለታል፣ ያ የመክፈቻ ዋጋ ደሞ ሽያጩ እየገፋ ሲሄድ ሊቀየር ስለሚችል ዋጋውን ያያችሁበትን ቀን ጻፉ።

አሁን የኔን ጥፋት ልናገር። አንድ ጊዜ ባንድል አይቼ ርዕሱ የጨዋታው ስም ነው፣ ዝቅተኛው ደረጃ በጣም ርካሽ ነው፣ ለታናሽየው ወንድም "ይሄን ያዝ" አልኩት፣ እሱም አሜሪካ ባለ ዘመዱ ካርድ አስከፍሎ ገዛ። ሲያወርደው ስምንት ፋይል፣ ካርታ፣ ጀብዱዎች (ተዘጋጅተው የሚመጡ የጨዋታ ታሪኮች)፣ የጌም ማስተር ስክሪን፣ የሆነ አጭር ልብወለድ ጭምር፣ ዋናው የህግ መጽሐፍ ግን የለም። ዋናው መጽሐፍ ላይኛው ደረጃ ላይ ነበር። ዘመዱን ድጋሚ አስቸግሮ መጠየቅ አፍሮ ዝም ብሎ ተወው፣ እኔ የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። እኔ ልክፈልልህ ስለው አልፈልግም አለ። ከዛ ወዲህ ባንድል ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ለመጫወት የሚያስፈልገው ዋናው መጽሐፍ የትኛው ደረጃ ላይ ነው ያለው። የሱን ደረጃ ዋጋ ነው እንደ ዋጋ የምናገረው፣ ከታች ያለውን አልጠቅሰውም።

"የ400 ዶላር መጽሐፍ በ25" የሚለውም ነገር አያታላችሁ። ያ 400 ሁሉንም አንድ በአንድ ብትገዛ የሚመጣ ድምር ነው፣ ማን ነው ሁሉንም የሚገዛው? ከ20 መጽሐፍ ጓደኛህ የሚከፍተው ሁለት ወይ ሶስት ነው። እነዛን በስም ጥራለት፣ "ሶስተኛውን መጀመሪያ ክፈት፣ ሌላውን ለጊዜው እርሳው" በለው። ብዙ ነገር ባንዴ የተሰጠው ሰው ከየት እንደሚጀምር ስለማያውቅ አይጀምርም።

እትምንም እዩ። አዲስ እትም ሲወጣ የድሮው ይረክሳል፣ ይሄ መጥፎ ነገር አይደለም ግን ይነገር። የዲኤንዲ አምስተኛ እትም 2014 ላይ ወጣ፣ 2024 ላይ ተሻሽሎ እንደገና ታተመ። ፓዝፋይንደር የሚባለው ሌላ ጨዋታ ሁለተኛ እትሙ 2019 ነው፣ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ሪማስተር ብለው ዋናዎቹን መጽሐፎች እንደገና ሰርተዋቸዋል። የድሮውን ይዞ መጫወት ይቻላል፣ ሁሉም ሰው የድሮውን ከያዘ ችግር የለም፣ ግማሹ የድሮውን ግማሹ አዲሱን ይዞ ሲቀመጥ ነው ማታው በክርክር የሚያልቀው።

ከመግዛት በፊት፣ በነፃ አለ ወይ?

ይሄንን ሁሌ አጣራለሁ፣ እናንተም አጣሩ፣ ምክንያቱም በነፃ ላለ ነገር ሰውን በቅናሽ ማስከፈል ትክክል አይደለም። የፓዝፋይንደር ህጎች በሙሉ አርካይቭስ ኦፍ ኔቲስ በሚባለው ሳይት ላይ በነፃ ይነበባሉ፣ በአሳታሚው ፈቃድ፣ ስለዚ የፓዝፋይንደር ባንድል ሲመጣ ዋጋ ያለው ነገር የህጉ መጽሐፍ ሳይሆን የተዘጋጁት ጀብዱዎች ናቸው። የዲኤንዲ አምስተኛ እትም መሰረታዊ ህግ 2023 ጃንዋሪ ላይ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ላይሰንስ ተለቋል፣ ማንም ያወርደዋል። ኮል ኦፍ ክቱሉ የሚባለው የአስፈሪ ጨዋታ ነፃ የማስጀመሪያ ቡክሌት አለው፣ አንድ ጀብዱም አብሮት አለ፣ ለጥቂት ማታ ይበቃል። ኬርን የሚባለው ጨዋታ ሙሉው ፒዲኤፍ በነፃ ነው፣ አጭር ነው፣ ጽሁፉም ስሙን ጠቅሶ በዛው ላይሰንስ እስከተለቀቀ ድረስ መተርጎም ይፈቀዳል፣ ይሄን የምለው ወደ አማርኛ መመለስ የሚፈልግ ሰው ካለ በሩ ክፍት ስለሆነ ነው፣ እኔ የካራክተር አፈጣጠሩን ክፍል ለልጆቹ በአማርኛ አድርጌላቸዋለሁ እና ከዛ ወዲህ ማንም "ስትሬንግዝ ምን ነበር" ብሎ አይጠይቀኝም።

በጣም አዲስ ለሆነ ሰው ደሞ ምንም ሳይገዛ ሌዘርስ ኤንድ ፊሊንግስን ስጡት። አንድ ገጽ ነው፣ በቃ አንድ ገጽ። ከ2 እስከ 5 ባለው መሀል አንድ ቁጥር ትመርጣለህ። በጭንቅላት የሚሰራ ነገር ስታደርግ ከቁጥርህ በታች እንዲወጣልህ ትፈልጋለህ፣ በስሜትና በንግግር የሚሰራ ሲሆን ከቁጥርህ በላይ። ህጉ ከሞላ ጎደል ያ ነው። ታላቅየው ወንድም ለስራ ባልደረቦቹ ምሳ ሰዓት ላይ አጫውቷቸዋል፣ አንድ ዳይስ ይዞ፣ ከነዛ ውስጥ አንዷ አሁን ቋሚ ተጫዋች ናት።

ሌላ ነገር፣ ምናልባት ሰውየው ጨዋታውን ገዝቶታል ግን አያውቅም። 2020 ጁን ላይ ኢች ዶት አዮ ለዘር ፍትህ ብሎ ያወጣው ባንድል ነበር፣ ቢያንስ 5 ዶላር፣ ከ1,700 በላይ ነገር፣ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበበት። ብዙ የጠረጴዛ ጨዋታ ፒዲኤፍ ውስጡ ነበር። 2022 ላይም ለዩክሬን ተመሳሳይ ነገር ወጥቷል። አሜሪካ ያሉ ብዙ የኛ ልጆች ያኔ ከፍለው ረስተውታል። የነዛ ትልልቅ ባንድሎች ነገር ደሞ ራሱ ላይብረሪህ ውስጥ አይገባም፣ የባንድሉን ገጽ ከግዢ ኢሜይልህ ከፍተህ የምትፈልገውን በስም ፈልገህ ነው የምታወጣው። ስለዚ አንድ ጨዋታ ከመጠቆሜ በፊት "2020 ላይ ያንን ባንድል ገዝተህ ነበር?" ብዬ እጠይቃለሁ።

ዋጋ፣ ሰዓት እና ካርድ

በመቶኛ አታውሩ። 60 በመቶ ቅናሽ ለሰው ምንም አይነግረውም፣ የመጨረሻውን ዋጋ በዶላር ተናገሩ፣ ኢትዮጵያ ላለ ሰው ደሞ በዛ ቀን ምንዛሬ ብሩን አስልታችሁ። ቁጥሩን በብር ሲያየው ነው ይበዛል ወይ አይበዛም የሚለው የሚገባው።

ሰዓቱ ላይ ብዙ ልፋት ይባክናል። ሳይቶቹ ብዙ ጊዜ የሚጽፉት በአሜሪካ ምዕራብ ሰዓት ነው። እሁድ እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል ካለ ለአዲስ አበባ ሰው ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፣ አሜሪካ የክረምት ሰዓት ላይ ከሆነች ደሞ 5 ሰዓት። "እሁድ ማታ ያበቃል" ብላችሁ ከላካችሁ ሰውየው እሁድ ማታ በጥድፊያ ይገዛል ወይ አለፈኝ ብሎ ይተወዋል፣ አንድ ሙሉ ሌሊት ግን ነበረው። በኢትዮጵያ ሰዓት ቀይራችሁ ጻፉለት።

ማስቸኮል ደሞ አያስፈልግም፣ ቅናሽ ይመለሳል። ድራይቭስሩ ላይ በየዓመቱ የሚደጋገሙ አሉ፦ የጌም ማስተር ቀን ማርች 4 አካባቢ ነው፣ በኛ የካቲት 25 ማለት ነው፣ አድዋ በዋለ በሁለተኛው ቀን ብላችሁ ያዙት። ጁላይ ላይ "ገና በጁላይ" የሚሉት አለ፣ ለሃሎዊን አስፈሪዎቹ ይቀንሳሉ፣ ከዛ ህዳር አጋማሽ ላይ ጥቁር አርብ ይመጣል። ዛሬ ያለፈው ሰው ከጥቂት ወር በኋላ ሊያገኘው ይችላል። እኔ ጓደኛዬ ገና እየተጫወተው ያለ ካምፔይን ካለው አዲስ ነገር አልጠቁምለትም፣ ምኞት ዝርዝሩ ላይ አድርገው እና የካቲት ላይ እናየዋለን ነው የምለው።

ኢትዮጵያ ያሉ ልጆች ትልቁ ችግራቸው መክፈያው ነው። በዶላር የሚከፍል ካርድ ሁሉም እጅ የለም፣ በቴሌብር ደሞ እነዚ ሳይቶች ላይ በቀጥታ አይከፈልም። ስለዚ ሊንክ ስትልኩለት መግዛት የማይችለውን ነገር እያሳያችሁት ሊሆን ይችላል፣ ያ ያማል። አብራችሁ መፍትሄውን ላኩ። ውጭ ያለ ሰው የስጦታ ሰርተፍኬት ሊገዛለት ይችላል፣ ባንድልም በስጦታ የሚላክበት መንገድ አለ። ኢች ላይ ደሞ አንዳንድ ፈጣሪዎች ኮሚዩኒቲ ኮፒ የሚሉት አላቸው፣ መክፈል ለማይችል ሰው በነፃ የተቀመጠ ነው፣ ብዙዎቹ ጋ ሌላ ሰው ሲገዛ ቁጥሩ ይጨምራል። ወንድሞቼ ይሄንን መውሰድ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ ለዚሁ ነው የተቀመጠው፣ መክፈል የሚችል ሰው ግን አይንካው። "የፈለግከውን ክፈል" የሚለውም እንደዛው፣ ዜሮ ጽፈህ ታወርዳለህ፣ ወደድከው፣ አቅም ሲኖርህ ተመልሰህ ትከፍላለህ። እኔ ከዓመት በኋላ ተመልሼ የከፈልኩባቸው አሉ።

ፒዲኤፉን ራሱን ቴሌግራም ላይ መጣል የሚባለውን ነገር ግን ተዉት። ድራይቭስሩ ላይ የተገዛ ብዙ ፒዲኤፍ ገጹ ግርጌ ላይ የገዛው ሰው ስምና የትእዛዝ ቁጥሩ ታትሞበታል፣ ስለዚ ያበደራችሁን ሰው ስም ነው የምትበትኑት። ከዛም በላይ እነዚን ነገሮች የሚሰሩት ብዙዎቹ አንድ ወይ ሁለት ሰው ሆነው ማታ ማታ ከስራ መልስ የሚጽፉ ናቸው፣ አስር ዶላሩ ለነሱ ትልቅ ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ የምትጫወቱ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ አንድ መጽሐፍ ይበቃል፣ የሚመራው ሰው ይዞት ስክሪን ላይ ያሳያል።

መልእክቱን መጻፍ

ሊንክ ብቻውን አይላክም። እኔ የምልከው ይሄን ይመስላል፣ ለአንዷ የላክሁትን ትንሽ አስተካክዬ ላስቀምጠው፣ ዋጋው ለምሳሌ የገባ ነው፦

"እንዴት ሰነበትሽ። ባለፈው 'ጭራቅ መግደል ሰለቸኝ፣ ሌላ ነገር የለም ወይ' ብለሽ ነበር፣ አልረሳሁትም። ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ ቅናሽ ላይ ነው። የሌቦች ቡድን ናችሁ፣ ከተማው መናፍስት የሞላበት ነው። ደስ የሚለው ነገር እቅድ በማውጣት ማታው አያልቅም፣ ቀጥታ ስርቆቱ መሀል ትገባላችሁ፣ ዘበኛው ሲይዝሽ 'ለሱ እኮ ትናንት ጉቦ ሰጥቼው ነበር' ትያለሽ፣ ዋጋውን በጭንቀት ነጥብ ትከፍያለሽ። የሉዶ ዳይስ ይበቃል፣ ጥቂት ትወረውሪያለሽ ትልቁን ታያለሽ፣ 6 ከሆነ ተሳካ፣ 4 ወይ 5 ከሆነ ተሳካ ግን መዘዝ አለው፣ ከዛ በታች ከሆነ ችግር ነው። ከሶስት አራት ሰው ጋር በጣም ጥሩ ነው። የሚከብደው፦ የሚመራው ሰው በደንብ ማንበብ አለበት፣ የራሱ የሆነ ብዙ ቃል አለው። ሱስ፣ ደም፣ ግድያ አለበት፣ ታናሽሽ አብራ ከተጫወተች አስቢበት። ፒዲኤፍ ነው። ዛሬ ጠዋት ሳየው ከ20 ወደ 12 ዶላር ወርዷል፣ ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት በናንተ ያበቃል። ዋናው ህግ ግን ኦንላይን በነፃ አለ፣ መጀመሪያ እሱን እይው። እኔ ሁለት ጊዜ መርቼዋለሁ፣ ከፈለግሽ አንድ ቅዳሜ እኔ ልምራችሁ። ካልመጣልሽ ተይው፣ ሌላ ጊዜም ይቀንሳል።"

ረዘመ አይደል? አዎ ረዥም ነው፣ ግን ለአንድ ሰው ነው፣ በወር አንዴ ቢበዛ ሁለቴ ነው የምጽፈው። ውስጡ ያለውን እዩት፦ እሷ ራሷ ባለችው ነገር ይጀምራል፣ ጨዋታው ላይ አንድ ቅጽበት ያሳያል፣ የሚከብደውን አይደብቅም። የሚከብደውን መናገር በጣም አስፈላጊ ነው። አንዴ "ቀላል ነው" ብዬ የላክሁት ጨዋታ 300 ገጽ ሆኖ ሲያገኙት ለስድስት ወር የላክሁትን ማንም አልከፈተም፣ እምነቱ ነው የሚሄደው። ያልተጫወታችሁትንም "አልተጫወትኩትም፣ ፕሪቪውን ነው ያነበብኩት" በሉ፣ ድራይቭስሩ ላይ ብዙዎቹ ፕሪቪው አላቸው፣ የካራክተር አፈጣጠሩ ገጽ ከታየ የጨዋታው ባህሪ ብዙው እዛ ላይ ይገባችኋል። በሊንኩ እናንተ ክሬዲት የምታገኙበት ከሆነ ደሞ በግልጽ ጻፉት፣ ማንም አይቀየማችሁም፣ ቆይቶ ራሱ ሲደርስበት ነው የሚቀየመው።

ይዘቱን መናገርም እንደዛው። ቅርብ ጊዜ ሀዘን ላይ የነበረ ጓደኛ ካላችሁ ሞትና መቃብር የሞላበትን ጨዋታ በርካሽ ስላገኛችሁት ብቻ አትላኩለት። ከጦርነት አካባቢ የመጣ ልጅ አብሮን ተጫውቶ ያውቃል፣ ከተማ ከበባ የሚለው ጀብዱ ላይ ስንደርስ ዝም አለ፣ ካሜራውን አጠፋ። ቀድሜ ብነግረው ኖሮ ሌላ እንመርጥ ነበር። አሁን ሁሌ እነግራለሁ።

ከተገዛ በኋላ

ሰውየው ገዛሁ ሲላችሁ ስራው ግማሽ ነው። በዛው ቀን አንድ ነገር ላኩለት፣ "ከዚህ ገጽ እስከዚህ ገጽ ያለውን ብቻ አንብብ፣ ሌላውን ስንቀመጥ እናየዋለን"። ለኔ በጣም የሰራው ይሄ ነው። 300 ገጽ ያለው መጽሐፍ በ12 ገጽ ይጀመራል። ከቻላችሁ የመጀመሪያውን ማታ እናንተ ምሩት፣ ካልቻላችሁ ካራክተር ሲሰሩ በስልክ አብራችሁ ሁኑ፣ ያ ነው ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደሞ ጠይቁት፣ ገዛኸው ወይ ሳይሆን ማን ሆነህ ተጫወትክ ብላችሁ።

እኛ ግሩፕ ላይ አንድ ጽሁፍ ከላይ ፒን አድርገናል። ማን የቱን ጨዋታ እንዳለው፣ ፒዲኤፍ ይሁን ሮል20 ላይ፣ የትኛው ተጀመረ፣ የትኛው ገና ነው፣ ማን መምራት ይፈልጋል ይላል። የዱባይዋ ልጅ ከ200ዎቹ ፋይሎቿ ውስጥ አስሩን መርጣ እዛ ላይ ጻፈቻቸው፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ከአስሩ አንዱን መረጡ፣ በሚመጣው ቅዳሜ የምትመራው እሷ ናት፣ ሺፍቷን ቀይራለች። አዲስ ቅናሽ ሳይ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ጽሁፍ ነው፣ ገና ያልተጀመረ ነገር ሞልቶ ካየሁ ሊንኩን ለራሴ አስቀምጬው እዘጋለሁ።